መግለጫው በሚጀምርበት ሰዓት

መጋቢት 19
ከመርከብ ላይ

ይድረስ ለምወድሽ ለለፍላፊዋ እህቴ፤

ፈጣሪ አንቺንም አባባንም በያላችሁበት ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ከሰማይና ከውኃ በቀር ምንም ከማይታይበት ቦታ ሰላምታዬን እልካለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሞተር ክፍሉም ደህና ነው፤ ሞተሩ እንደ እኔ ማጉረምረም እንጂ መታመም አያውቅም።

ወደብ ደርሰን ነበር፤ ወረርሽኙን ፈርተው አላወረዱንም። ጭነቱን በክሬን አንሥተው ወሰዱ፣ እኛን ግን ከመርከቡ መሰላል በታች እግራችሁን እንዳታሳርፉ አሉን። ውላችን ያለቀብን ሰዎች ሻንጣችንን እንደያዝን ወደየአልጋችን ተመለስን። ለሳጥን ያልተከለከለ መሬት ለሰው ተከለከለ። ስለዚህ በዚህ ወር እመጣለሁ ያልኩትን እርሺው። ለአባባ ግን «ትንሽ ዘገየ» በያቸው እንጂ «አላወረዱትም» እንዳትዪ።

ስልክ እዚህ አይሠራም። የመርከቡ ቢሮ ኮምፒውተር ለእኛ የሚለቀቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጀርባዬን እያየ ሲያቃስት ነው የምጽፍልሽ። ቢዘገይብሽ እንዳትቀየሚኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቴሌቪዥን ላይ ልትወጪ ነው አልሽኝ። እኔ እኮ የማስታውስሽ፣ ለአባባ በእጅሽ ለእኔ በአፍሽ አንድ ላይ እየለፈለፍሽ ራት ስታቀዘቅዢብን ነው። ለዚያ ልፍለፋ ሰው ደመወዝ ይከፍላል? እስኪ ንገሪኝ፣ ሥራሽ ምንድን ነው? አባባስ ምን አሉ? የቁልፍ ሱቃቸውን ዘጉት?

ወንድምሽ ጎምላላው


መጋቢት 26

ይድረስ ባሕር ላይ ለቀረኸው ጎምላላው ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ማዕበሉን አልፎ ይድረስህ። ፈጣሪ ከበሽታውም ከመርከባችሁ ምግብም ይጠብቅህ። አባባ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ። «ትንሽ ዘገየ» ብዬ ነገርኳቸው። ፊቴን ትክ ብለው አዩና «አላወረዱትም፣ አይደል?» አሉኝ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰውን የሚያዳምጡት በዓይናቸው እንደሆነ ረስተኸው ነው እንጂ እንዲህ ብለህ አትልከኝም ነበር።

ሥራዬ ይህ ነው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የጤና ኃላፊዎች ስለ ወረርሽኙ መግለጫ ይሰጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያስተላልፈዋል። እኔ ግድግዳው ጥግ፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር በተሠራ ምልክት ላይ ቆሜ የሚሉትን ሁሉ በምልክት ቋንቋ እተረጉማለሁ። ለእኔ ብቻ የቆመ ካሜራ አለ። ቤቱ ያለ ሰው የሚያየኝ ከስክሪኑ ጥግ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። እጆቼ ጎልተው እንዲታዩ ጥቁር ሸሚዝ እለብሳለሁ፤ ቀለበትም ሰዓትም አላደርግም። አዳራሹ ውስጥ ማስክ የማታደርግ እኔ ብቻ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ፊት ከተሸፈነ የቋንቋው ግማሽ ተሸፈነ። ጋዜጠኞቹ ግን እንደ እብድ ነው የሚያዩኝ።

በዚሁ ምክንያት ከአባባ ቤት ወጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ባዶ ፊቴን ውዬ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደገኝን ሰው ቤት መግባት ፈራሁ። ጣቢያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እሁድ እሁድ እሄድና መስኮቱ ላይ ቆሜ እናወራለን። ሌላው ሰው ከቤተሰቡ ጋር በመስታወት ውስጥ ሲጯጯህ እኛ እንደ ልባችን እናወጋለን። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰፈሩ ሁሉ እኛ ተሽለን ተገኘን።

ሱቁ ተዘግቷል። የቁልፍ መቅረጫ ማሽናቸውን በአሮጌ አንሶላ ሸፍነውታል። «ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ ቁልፍ ማን ይጠፋበታል?» ይላሉ። ምግባቸውን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። እሷ እንደነገረችኝ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ለኃላፊዎቹ ሁሉ ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ «ክራባት ነካኪው» ነው፣ ሌላው «ውኃ ጠጪው»። ውኃ ጠጪው ብርጭቆውን ካነሣ ቁጥሩ ጨምሯል ማለት ነው፤ እኔ እጄን ሳላነሣ እሳቸው አውቀውታል። ሲያልቅም ቴሌቪዥኑን በእጃቸው ደህና ዋይ ብለውት ይነሣሉ አሉ።

ከቤት ስወጣ አንድ ነገር ተስማምተናል። «እዚያ ጥግ እስካዩኝ ድረስ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ እንዳያስቡ» አልኳቸው። «ካጣሁሽስ?» አሉኝ። «አያጡኝም» አልኳቸው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊደል ባያውቁም ቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቀን ራታቸውን ሳይነኩት ይመልሱታል።

ለፍላፊዋ እህትህ


ሚያዝያ 10
ከመርከብ ላይ

ይድረስ ሳጥን ውስጥ ለገባችው እህቴ፤

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እጆችሽን ይባርክልኝ፤ ዛሬ የምጠይቅሽ እነሱን ነውና።

ደብዳቤሽን ለመርከቡ ምግብ አብሳይ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ውኃ ጠጪው ጋ ሲደርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያ ሳቅ የመጨረሻው ነበር። ባለፈው ሳምንት እናቱ በዚሁ በሽታ ሞተው፣ ከተቀበሩ በኋላ ነው መልእክቱ የደረሰው። ድስት እያማሰለ ሳለ ካፒቴኑ መጥቶ ነገረው። ማማሰሉን አላቆመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡ ጨው የለውም፤ አንድም ሰው ጨው አምጣ አላለውም፣ እንዳለ እንበላለን።

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለኝ። አባባ ራት እየዘለሉ ነው አልሽኝ። ሽማግሌ ሰው ከሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እህቴ፣ ቁጥሩን ቀንሺላቸው። ጥግ ላይ ባለች ሳጥን ውስጥ ማን ያይብሻል? ውኃ ጠጪው የፈለገውን ይበል፤ አንቺ በእጅሽ ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ሆዳቸው ሞልቶ ይተኙ። ይህን ካንቺ በቀር የምለምነው ሰው የለኝም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 24

ይድረስ ለወንድሜ፤

ፈጣሪ የምግብ አብሳዩን እናት ነፍስ ይማር፤ ለልጃቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

የጠየቅኸኝን አላደርገውም። ተቆጣኝ ከፈለግህ። አንደኛ ነገር ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ አባባ እጄንና ስክሪኑን አስተያይተው ውሸታም ይሉኛል። ሁለተኛ፣ እኔን የሚያዩት አባባ ብቻ አይደሉም። ባለፈው መንገድ ላይ አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ አስቆማኝ፣ «ከወንድሞቼ የምሰማው ሁሉ ‹በኋላ እነግርሻለሁ› ነው፤ አንቺ ግን ከሁሉም እኩል ነገርሽኝ» አለችኝ። ይህችን ልጅ ምን ብዬ ልዋሻት?

ለማንኛውም ጭንቀትህ በቅርቡ ሊቀልልህ ይችላል። ጣቢያው መግለጫውን በቀጥታ ማስተላለፍ ሊያቆም ነው እየተባለ ነው። የፕሮግራም ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። «ሰው ሰልችቶታል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ሌላ ጣቢያ ይከፍታል። ኃላፊዎቹም ከበሽታው ይልቅ ስለራሳቸው ልፋት ነው የሚያወሩት። እኛ ጋዜጠኞች ነን እንጂ የማንም ድምፅ ማጉያ አይደለንም። ዋና ዋናውን አጣርተን በዜና ላይ እንናገር፤ ቁጥሩን ደግሞ ከታች በሚሮጥ ጽሑፍ እናሳይ» ትላለች። አይሆንም የሚያሰኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ክራባት ነካኪው «በየሆስፒታሉ በቂ አልጋ አለ» ሲል አልጋ እንደሌለ አንዲት ነርስ ጓደኛዬ ነግራኝ ነበር። ቢሆንም በእጄ «በቂ አልጋ አለ» አልኩ። እሱ ያለውን ማለት ነው ሥራዬ። ያን ዕለት እጄን ባጥበው ባጥበው አልጠራ አለኝ።

እሁድ መስኮቱ ላይ ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያን ዕለት እንደዋሸ አውቄያለሁ። ክራባቱን ሳይነካ አልዋለም። እሱን አንሥተው ሌላ ሰው ቢያነብልኝ የማንን ፊት ልይ?» አሉኝ። ከዚያ በሚሮጥ ጽሑፍ እንደሚተካ ስነግራቸው ሳቁ። «ለእኔ ጽሑፍ ቢሮጥ ቢተኛ ምን ለየኝ» አሉ።

ልክ እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ደክሞኛል፣ ወንድሜ።

እህትህ


ግንቦት 1
ከመርከብ ላይ

ይድረስ ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ልበልሽ፤ ልማድ ነው።

አልቆጣሽም። ግን ካነሣሽው አይቀር ሐሳቤን ስሚ። እኛም እዚህ መግለጫ አለን። ካፒቴኑ በየቀኑ በድምፅ ማጉያ «የትኛው ወደብ ተዘጋ፣ የትኛው ተከፈተ» እያለ ይነግረናል። መጀመሪያ ማንኪያችንን አስቀምጠን እናደምጥ ነበር። አሁን አንዱ ተነሥቶ ማጉያውን በትራስ አፍኖታል። ነገሩን ማወቃችን ከመርከብ አላወረደንም፤ እንቅልፋችንን ነው የወሰደው።

እና ይቁም። የሚፈልግ ሰው ዜና ይስማ፣ የማይፈልግ ይተኛ። ሰውየው በሚዋሽበት ቀን አንቺ እጅሽን የምታጥቢበት ምን ዕዳ አለብሽ? አባባ ቴሌቪዥኑን ዘግተው ሱቃቸው በራፍ ላይ ፀሐይ ይሙቁ፣ ራታቸውን ይብሉ። ተሰብስበው ሐሳብሽን ከጠየቁሽ «ይቁም» በይ። ማለት ካልቻልሽም ዝም በይ። ለእኔ ስትዪ።

ወንድምሽ


ግንቦት 15

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን።

መግለጫው ቆሟል። በስብሰባው ላይ የፕሮግራም ኃላፊዋ ዞር ብላ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ስለ አባባ መስኮት፣ መንገድ ላይ ስላስቆመችኝ ልጅ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ደብዳቤህ ትዝ አለኝ፤ ድካሜም ነበረ። «እናንተ ታውቃላችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ተከታታይ ድራማ ነው የሚታየው።

ትንሽ ጉሮሮዬን ይዞኛል፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ለጊዜው ክፍሌ ውስጥ አይደለሁም፣ ሌላ ቦታ ነኝ። ነገ እሁድ አባባን ላያቸው አልችልም፤ እኔ ደህና እንደሆንኩ እንድትነግራቸው ለልብስ ሰፊዋ ደውያለሁ። አጭር ያደረግሁት ደክሞኝ ነው።

እህትህ


ግንቦት 22
ከመርከብ ላይ

ይድረስ ለውዷ እህቴ፤

ጉሮሮሽን ይማርልኝ። ሙቅ ውኃ በማር ጠጪ፤ መለፍለፉንም ለጥቂት ቀን ተዪው፣ በአፍም በእጅም።

ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅሽም። አባባ ራት እንደሚዘሉ ካነበብኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። አባባ ራታቸውን በልተው እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ታዩኝ። ምን አሉ? ድራማውን ወደዱት? ለእሱም ሰዎች ስም አውጥተውላቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ሁሉንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወሬ ልንገርሽ፤ የሚቀጥለው ወደብ ያወርዳል እየተባለ ነው።

ጎምላላው


ሰኔ 6
ከመርከብ ላይ

እህቴ፤ ሁለት ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጉሮሮሽ ባሰብሽ? ረጅም አልፈልግም። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። «አለሁ» በይ፤ ይበቃኛል።


ሰኔ 20

ወንድሜ፤

ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ወንድሜ፣ አባባ አረፉ። ሰኔ 9 ቀን ቀበርናቸው። አንተን ሳልጠብቅ ቀበርኳቸው፤ ይቅር በለኝ፣ መጠበቅ አልተቻለም።

እንዴት እንደሆነ መንገር አለብኝ፤ ከእኔ በቀር የሚነግርህ የለም።

መግለጫው በቆመበት ቀን ትኩሳት ነበረብኝ። ተመረመርኩ፣ ተገኘብኝ፤ ለይቶ ማቆያ አስገቡኝ። «ሌላ ቦታ ነኝ» ያልኩህ እሱን ነው። አንተ ባሕር ላይ ሆነህ ምን ታደርግ ብዬ ደበቅሁህ። ከአባባም ደበቅሁ። ልብስ ሰፊዋ «ልጄ ካሜራ ያለው ስልክ አለው፤ በምስል ላገናኛችሁ» ብላኝ ነበር። አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበረ። ፊቴን አይተው ሁሉንም ያውቁታል ብዬ ፈራሁ። «እስኪሻለኝ ይቆይ፤ አንቺ ብቻ ደህና ናት በያቸው» አልኳት። ሄዳ ነገረቻቸው። እሷ ደግሞ መዋሸት የማትችል ሴት ናት፤ እያለቀሰች ነው «ደህና ናት» ያለቻቸው። አባባ ያዩት ዕንባዋን ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ድራማ መጣባቸው። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሏቸው ጎኑን መቱት፣ አንቴናውን አዟዟሩት። በማግስቱም እንዲሁ። መግለጫው ሊቆም እንደሚችል ነግሬያቸው ነበር፤ ለነገሩ መቅረት አልደነገጡም። የደነገጡት እኔ በመቅረቴ ነው። «እዚያ ጥግ እስካዩኝ ድረስ ደህና ነኝ» ብያቸው የለ? እሁድ መስኮቱ ላይም አልመጣሁም። ሰኞ ጠዋት ፎቶዬን ከግድግዳ ላይ አውርደው ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ልትይዛቸው ሞክራ ነበር፤ ገፍተዋት ሄዱ። አባባ ሰው ሲገፉ አይተህ ታውቃለህ?

መጀመሪያ የሄዱት ጣቢያው በር ነው። ዘበኛው ፎቶውን ሲያይ አወቀኝ፤ «ታማለች» አላቸው፤ ጆሯቸው እንደማይሰማ ሲገባው ደግሞ በእጁ ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ ጠቆማቸው። ደግ ሰው ነው፤ አልዋሸም። ከዚያ ሆስፒታሉ በር ሄዱ። እዚያ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ አንድ ሠራተኛ ወጥቶ የታማሚዎችን ስም ይጠራል። አባባ ስም ሲጠራ አይሰሙም። ስለዚህ ፎቶዬን ይዘው ወደ እያንዳንዱ ሰው ተጠግተው ይጠይቃሉ። ሰዉም አዘነላቸው። ከንፈራቸውን እንዲያዩ ብለው ማስካቸውን ዝቅ እያደረጉ፣ ፊት ለፊታቸው ቀርበው «አላየናትም፣ አባባ» ይሏቸዋል። ይህን የነገረችኝ እዚያ ልጇን ስትጠብቅ የነበረች ሴት ናት። «እኔም ዝቅ አድርጌያለሁ» ብላ አለቀሰችብኝ። ደግነት ነው ያደረገችው። በማግስቱም ሄዱ፤ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ በር። ሕመሙ እስኪጥላቸው ድረስ ፈለጉኝ።

እኔ ድኜ ስወጣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ማስገባት ክልክል ነው፤ እኔን ግን አስገቡኝ፤ የሚያናግራቸው ስላልነበረ። ዶክተሩም ነርሶቹም ፊታቸው ተሸፍኗል። አባባ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማንንም ፊት ሳያዩ ነበር የተኙት። እኔም ተሸፍኜ ነው የገባሁት፤ ልብሱ፣ ማስኩ፣ መነጽሩ፣ ሁለት ድርብ ጓንት። እጄን ሳንቀሳቅስ አወቁኝ። «የት ነበርሽ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ ይኸው» አልኳቸው። እንደ ልጅ ተቆጡኝ፤ እጃቸውን ማንሣት እያቃታቸው ተቆጡኝ። ቀጥለው «ልጄ ወረደ?» አሉ።

«ወርዷል። ደጅ ነው፤ አላስገቡትም» አልኳቸው።

በእጄ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ፊቴ ተሸፍኖ ስለነበር አመኑኝ መሰለኝ። «አይግባ፣ በሽታው ይይዘዋል፤ እቤት ይጠብቀኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን አላነሡም።

አሁን የበሽተኛው ቁጥር እንደገና እየጨመረ ነው። መግለጫውን ሊመልሱት ነው፤ የፕሮግራም ኃላፊዋ ደውላልኝ ነበር። አላነሣሁትም። ያን ቀን «እናንተ ታውቃላችሁ» ከማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ እያልኩ ውዬ አድራለሁ። ብናገርም ላይሰሙኝ ይችሉ ነበር። ግን አልተናገርኩም።

እህትህ


ሐምሌ 11
ከመርከብ ላይ

እህቴ፤

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ተራዬን ለሌላ ሰው ለቀቅሁ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ሞተር ክፍል ገብቼ ነው ያለቀስኩት፤ እዚያ ሰው ቢጮህም አይሰማም። ምግብ አብሳዩ ፈልጎ አገኘኝ። አጠገቤ ዘይት በጠገበው ወለል ላይ ተቀመጠ።

ተናድጄብሻለሁ። «ትንሽ ጉሮሮዬን» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እኔም ማር ጠጪ ብዬ ቀለድኩ። ይህን መቼ እንደምተውልሽ አላውቅም። ግን ደግሞ «ትንሽ ዘገየ በያቸው» ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አንዳችን ለሌላው ስናዝን መደበቅ ነው የምናውቀው፤ የደበቅነውን ሁሉ በዓይናቸው የሚያገኙት አባባ ብቻ ነበሩ። «ይቁም» ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ኖሮ ትናገሪ ነበር። አውቅሻለሁ፤ ዝም ማለት አታውቂም። ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚው፤ ከፍለን እንያዘው። ስለ ሐሰቱ ደግሞ፣ «ደጅ ነው» ላልሽው፣ እስክሞት እግርሽን ብስም አልከፍለውም። ልጄ አልመጣም ብለው አልሄዱም።

አሁን ስሚኝ፤ አንዴ ተሳስቼ መክሬሻለሁ፣ ይኼኛውን ግን አስቤበታለሁ። ተመለሺ። ኃላፊዎቹ ይዋሻሉ፣ ይኩራራሉ፣ ያሰለቻሉ፤ ትክክል ነው። ይታዩ። ሲዋሹም ይታዩ። ሰልችቶት ጣቢያ የሚቀይር ሰው መቀየሪያው እጁ ላይ ነው፤ ሌላ ጣቢያ የሌለው ሰው ግን አለ። እኔ ይህን ያላሰብኩት አባቴን እያወቅኩ ነው። ስብሰባው ላይ የነበሩት አያውቋቸውም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። እንደገና ላቋርጠው ብትል ለኃላፊዋ ስለ አባባ ንገሪያት፤ በደንብ አድርገሽ ንገሪያት።

ምን ለብሰው እንደተቀበሩ ጻፊልኝ። ማን ማን እንደነበረም።

ወንድምሽ


ሐምሌ 25

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መናደድህንም ይቅርታህንም አንድ ላይ ተቀብያለሁ።

በሆስፒታሉ ሽፋን ተጠቅልለው ነው የተቀበሩት፤ የራሳቸውን ልብስ አላለበሱልኝም። ኮታቸውን ለምኜ ከላይ አስደረብኩት። እኔ፣ ልብስ ሰፊዋና የጣቢያው ዘበኛ ነበርን። ዘበኛውን ማንም አልጠራውም፤ ራሱ ነው የመጣው። ሌላ ሰው አላስጠጉም።

ለፕሮግራም ኃላፊዋ ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ነገርኳት። አላስተባበለችም፣ አላጽናናችኝምም። ከእንግዲህ ስለ መግለጫው የእኔን ሐሳብ ሳይሰሙ እንደማይወስኑ ቃል ሰጠችኝ። ያ ቃል እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም፤ ተቀብዬዋለሁ።

ትናንት ሥራ ገባሁ። ሸሚዙ ሰፍቶኛል። ያው ቦታ ቆምኩ፣ ካሜራው በራ። ኃላፊው መጀመሪያ የዕለቱን ቁጥር አነበበ፤ ቀጥሎ ወረርሽኙ ከጀመረ አንሥቶ ያረፉትን ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር። ስም አይጠራም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አባባ በዚያ ቁጥር ውስጥ አሉ። እጄን አንሥቼ ተናገርኩት፤ አልቀነስኩም። የመጨረሻዋን አኃዝ ሳደርስ ትንሽ ልቆይባት ፈልጌ ነበር። ሰውየው ግን አይጠብቅም፤ ስለ እጅ መታጠብ ማንበብ ጀምሯል። ተከትዬው ሄድኩ። ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ዛሬም ገባሁ፣ ነገም እገባለሁ።

መርከቡ የሚያወርድህን ቀን ስታውቅ ወዲያው ጻፍልኝ። ወደቡ ድረስ መጥቼ እጠብቅሃለሁ። እቤት ብቻህን እንድትገባ አልፈልግም።

እህትህ